ርዕሱን ማን ጻፈው?



አንዲት እናት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ቆየት ብለው ወደ እኛ መጡና ስልካቸውን አውጥተው፣ "ልጆቼ፣ እስቲ እዩልኝ፤ ይህቺ እኔ ነኝ?" አሉን። አየን፤ እሳቸው ናቸው። ከወራት በፊት በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ የሰጡት ምስክርነት ነው። መድረክ ላይ ቆመው የተናገሩት 8 ደቂቃ ያህል ነበር። በስልኩ ላይ ያየነው ግን 40 ሰከንድ ሆኗል፤ ከላዩ በትልልቅ ቀይ ፊደላት "ከሞት የተነሣችው እናት" የሚል ተለጥፎበታል። እናታችን አልሞቱም፤ ሞቼ ነበርም አላሉም። ያሉት ሆስፒታል ተኝተው እንደ ነበር፣ ቅዱሳን እንደ ጸለዩላቸው፣ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ጌታ እንዳበረታቸው፣ ዛሬም ክትትላቸውን እንዳላቋረጡ ነው። መድኃኒቱና ክትትሉ ተቆርጦ ወጥቷል።

"ጎረቤቴ ገበያ መሐል 'እትዬ፣ መቼ ነበር የተቀበሩት?' ብላ ሳቀችብኝ" አሉን። ያሳዘናቸው ሳቁ አልነበረም። ያቺ ጎረቤት ለሁለት ዓመት ቡና እያፈሉ፣ የታመመች ቀን እየጠየቁ ስለ ጌታ ሲነግሯት የቆዩ ሴት ናት። ልትሰማ ጀምራ ነበር። አሁን "የእናንተ ነገር ይሄው ነው" ብላ ዘግታዋለች።

ቪዲዮውን የሠራው ከሌላ ቦታ የመጣ ሐሰተኛ አገልጋይ አይደለም፤ የእኛው ልጅ ነው። እሑድ ማልዶ መጥቶ ሚክሰሩን የሚያስተካክል፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ ኬብል ጠቅልሎ የሚወጣ፣ ቪዲዮውን የሚጭነውም በራሱ ብር በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ጠርተን ብንጠይቀው፣ "ሌሎቹ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፉት፤ ካልሆነ ማን ያይልናል?" አለን። የዋሸ አይመስለውም ነበር። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ የተማረው ከሚያያቸው ቻናሎች ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ጥፋቱ ከእርሱ ይልቅ የእኛ ነው። መድረካችን ላይ ማን እንደሚቆም ሽማግሌዎች ይመክራሉ። እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ መሰከረለት ይጠየቃል። መዝሙር እንኳ ከመዘመሩ በፊት ግጥሙ ይታያል። የቪዲዮውን ርዕስ ግን የ19 ዓመት ልጅ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ደክሞት፣ ብቻውን ይጽፈዋል። ከአዳራሻችን ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ከአገልግሎታችን ሁሉ የሚያነበው ያንን ርዕስ ነው። ብዙ ጊዜም ከዚያ አልፎ አይሄድም።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ካሜራ ከመግዛታቸውና ቻናል ከመክፈታቸው በፊት ልጆቻቸውን በእጅ እያሠሩ ያሠልጥኑ፤ በዚያው ክፍል ውስጥም ሽማግሌዎቻቸውን አብረው ያስቀምጡ። እጁና ኅሊናው በአንድ ቤት ይሠልጥኑ።

ይህ ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል በነበረበት ዘመን የሜኖናይት ሚስዮን የድሬሰሮች ትምህርት ቤት ነበረው። ወጣቶች ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት እየተማሩ፣ በዚያው ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ይማሩ ነበር። ከመካከላቸው በየከተማው ክሊኒክ የከፈቱ፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንንም በመሪነት ያገለገሉ ወጥተዋል። ድሬሰር ቁስል ማጠብን በንግግር ብቻ አይማርም፤ ጨርቁን ይዞ፣ አጠገቡ የሚያየው ሰው ቆሞ ነው። ያንንም የሚያደርገው በሰው ገላ ላይ ነውና መጠንቀቅን ከሙያው ለይቶ አልተማረውም። ካሜራ የያዘ ልጅም የሚነካው የሰው ቁስል ነው።

ዘጸአት 35ን ስናነብ ባስልኤልን የምናስታውሰው በወርቅና በብር ሥራው ነው። ቁጥር 34 ላይ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን፤ እግዚአብሔር ለእርሱና ለኤልያብ ሌሎችን የማስተማር ልብም ሰጥቷቸው ነበር። የድንኳኑ ሥራ የአንድ ባለሙያ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

እኛም ከዚያች እናት በኋላ በአራት ተከታታይ ቅዳሜዎች አንድ ትንሽ ሥልጠና ሞከርን። ከአዳማ፣ ከወንጂ፣ ከሞጆና ከመቂ 14 ወጣቶች መጡ፤ ሁለት ሽማግሌዎችም "እኛ ስለ ስልክ ምን እናውቃለን?" እያሉ ተቀመጡ። ካሜራ አልነበረንም፤ የነበረን እያንዳንዱ በኪሱ ይዞት የመጣው ስልክ ነው። እንዲህ መሆኑ ጠቀመን። በተውሶ ካሜራ የተማረ ልጅ ካሜራው ሲመለስ ትምህርቱም ይመለሳል፤ በራሱ ስልክ የተማረ ግን ሰኞ ጠዋት ያንኑ ይዞ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በሙሉ ስለ ድምፅ ነበር። ልጆቹ ቅር ተሰኙ፤ እነርሱ የፈለጉት ኤዲቲንግ ነው። ነገር ግን ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን አይታገሥም። አዳማ ደግሞ የነፋስ ከተማ ናት። በከተማችን ዙሪያ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በከንቱ አልተተከሉም፤ ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ያ ነፋስ በስልክ ማይክ ውስጥ ሲገባ እንደ ነጎድጓድ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ውጭ አወጣናቸውና እንዲቀርጹ አደረግን፤ ተመልሰን ስንሰማው የተሰማው "ሹሹሹ" ብቻ ነበር። ከዚያ መፍትሔውን ራሳቸው ፈለጉት። ተናጋሪው ጀርባውን ለነፋሱ ይስጥ። ሁለተኛ ስልክ ድምፅ መቅጃው ተከፍቶ በተናጋሪው ደረት ኪስ ይግባ፤ እናቶች ከሆኑ በነጠላቸው ሥር ይያዝ። ምስሉና ድምፁ በኋላ እንዲገጣጠሙ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ይጨብጨብ። ከመቂ የመጣችው እህት መጋረጃና ፍራሽ ያለበት መኝታ ቤት ከአዳራሻችን የተሻለ ስቱዲዮ መሆኑን አገኘች፤ ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲሞቅ ይንጫጫል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ንግግር ብንነግራቸው ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀር ነበር።

ስለ ብርሃን ብዙ አንልም፤ ሰውየውን ፊቱን ወደ መስኮት አዙሩት፣ መስኮቱን ከኋላው አታድርጉት፣ አበቃ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የሆነውን ግን ዘርዝረን መናገር አለብን። ከሽማግሌዎቻችን አንዱን ስለ ጸሎትና ስለ ሕክምና ለሦስት ደቂቃ እንዲናገሩ ጠየቅናቸው። ወጣቶቹ ቀረጹ። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠናቸው፤ ምንም ቃል ሳትጨምሩ፣ በመቁረጥ ብቻ፣ አባታችን ያላሉትን እንዲሉ አድርጉ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ሽማግሌው "ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት ነው የሚሉ ወገኖች ተሳስተዋል" ብለው ነበር። አንዱ ልጅ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ቆረጠ። በስክሪኑ ላይ የምናከብራቸው አባት፣ በራሳቸው ድምፅ፣ በራሳቸው ፊት፣ "ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት ነው" ሲሉ ተሰሙ። መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉና፣ "ድገሙት እስቲ" አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሰሙት አልሳቁም።

ይህ በተለይ የእኛ ቋንቋዎች ጉዳይ ነው። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ማሰሪያው ያለው መጨረሻ ላይ ነው። "አይደለም"፣ "ይላሉ"፣ "ተሳስተዋል"፣ "ይመስለኛል" የሚሉት ሁሉ ከኋላ ይመጣሉ። በእኛ አገር ቪዲዮን ለማሳጠር ጅራቱን የሚቆርጥ ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው የሚቆርጠው። ይህን ከውጭ አገር የማስተማሪያ ቪዲዮ ላይ አታገኙትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ አንድ ልማድ ይዘዋል፤ ከመቁረጣቸው በፊት ዓረፍተ ነገሩን እስከ ማሰሪያው ድረስ ያዳምጣሉ። ሽማግሌውም አንድ ነገር ይዘው ሄዱ። ከዚያ በፊት ኤዲቲንግ ማለት ማሳመር ብቻ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ወደ ማስተዋወቁ እንምጣ፤ ፈተናው ያለው እዚህ ነው።

አንዳንድ ወገኖች "ወንጌል ማስተዋወቅ አያስፈልገውም፤ ጌታ ራሱ ያደርሰዋል" ይሉናል። እኛ እንዲህ አናምንም። መልካም ቪዲዮ ሠርቶ ማንም በማያገኘው ቦታ መተው መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች ማኖር ነው። ስለዚህ ማስተዋወቅንም በእጅ አሠራን። መግቢያ ላይ የሚሽከረከር አርማና ሙዚቃ አስወግደን ተናጋሪው በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ዋናውን ነገር እንዲናገር አደረግን። ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያየውና ንግግሩን ከሥር በጽሑፍ አወጣን። ለቴሌግራም በመጠኑ ያነሰ ቅጂ አዘጋጀን፤ ዳታ ውድ ነው፣ በገጠር ቀበሌዎችም ኔትወርኩ ደካማ ነው። ከወንጂ የመጡት ልጆች ለአያቶቻቸው በሚሞሪ ካርድና በብሉቱዝ አደረሱ፤ ይህም ማስተዋወቅ ነው፣ ቁጥሩን የሚቆጥርልን ማሽን ባይኖርም።

ፈተናው የሚጀምረው ቁጥሩ ዓላማ ሲሆን ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል የሚጠይቀው የታወቀ መስፈርት አለ፤ 1,000 ተከታይና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት። ልጆቹን በካልኩሌተር አሠራናቸው። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። የእናታችንን ምስክርነት በሦስት ደቂቃ ብንሠራው፣ ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው ቢያየው እንኳ፣ 80,000 ጊዜ መታየት አለበት። በአንድ አጥቢያ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ልጁ ሁለት መንገድ ይታየዋል። አንደኛው የሦስት ደቂቃውን ነገር ሁለት ሰዓት ማድረግ ነው፤ ሌላው በቀይ ፊደል "ከሞት የተነሣችው" ብሎ መጻፍ። ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ ወደዚያ ስለሚገፋው ነው። ሦስተኛም አለ፤ ተከታይ የሚሸጡ ሰዎች በቴሌግራም ይጽፉለታል። ይህንን ዩቲዩብ ራሱ ይከለክላል፤ ለእኛ ደግሞ በገንዘብ የተገዛ ምእመን ማለት ነው። በሥልጠናው ላይ ይህን ሒሳብ ፊት ለፊት ያላየ ልጅ በኋላ ብቻውን ያገኘዋል።

ለጌታችንም የማስተዋወቅ ምክር ቀርቦለት እንደ ነበር አስተውላችኋል? በዮሐንስ 7 መጀመሪያ ላይ ወንድሞቹ ወደ ይሁዳ እንዲሄድና ሥራውን ለዓለም እንዲያሳይ፣ መታወቅ የሚፈልግ ሰው በስውር እንደማይሠራ ነገሩት። ምክሩ ለዘመናችን አሠልጣኝ የሚስማማ ነው። ዮሐንስ ግን ወዲያው የሚጨምረው እነርሱ ገና አላመኑበትም ነበር የሚለውን ነው። ጌታም ጊዜዬ አልደረሰም አላቸው። በኋላ ወደ በዓሉ ሄደ፤ በመቅደስም በግልጥ አስተማረ። ስለዚህ መታየትን አልጠላም፤ መታየት እንዲመራው ግን አልፈቀደም። በማርቆስ 1 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከለምጽ የነጻው ሰው ለማንም እንዳይናገር ታዞ ሳለ በደስታ አወራው። ውጤቱ ምን ሆነ? ኢየሱስ ወደ ከተማ በግልጥ መግባት አልቻለም፤ በውጭ በምድረ በዳ ሆነ። የወሬው ብዛት መንገዱን ዘጋበት። በእናታችንና በጎረቤታቸው መካከል የሆነው ይህ ነው።

ስለዚህ በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ሥርዓት አወጣን፤ ከሥልጠናው የሚቀር አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁን እንላለን። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ አሥር ርዕስ ይጻፋል። ከዚያ የተመረጠውን ርዕስ በቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ራሱ፣ ሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ማንበብ ካፈረ ወይም "እኔ እንዲህ አላልኩም" ካለ ርዕሱ ይወድቃል። ማንበብ የማይችሉ ከሆኑ ይነበብላቸዋል። ልጆቹ ልምላሜ የሌለው አሰልቺ ርዕስ ብቻ የሚቀር መስሏቸው ነበር። አልሆነም። ለእናታችን ምስክርነት ካወጧቸው አሥር ርዕሶች ያለፈው "መድኃኒቴን እየዋጥኩ የጸለይኩባቸው ወራት" የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ደግሞም በዚህ ከተማ ጠዋት ጠዋት ኪኒን የሚውጥ፣ ማታ ማታ የሚጸልይ፣ ሁለቱ ይጣላሉ ወይ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ የሚያየው ርዕስ ነው። ልጆቹ ተምኔል የሚሉት የሽፋን ፎቶም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ እያለቀሱ ያሉበትን ቅጽበት መርጠን አናወጣም፣ እሳቸው "ይሄ ይሁን" ካላሉ በቀር።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ጠንከር ብለን መናገር እንፈልጋለን። የአጋንንት ማስወጣት አገልግሎት ሲሆን ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። መሬት የወደቀችው እህት ልብሷ ይገለጣል፣ ፀጉሯ ይበተናል፣ የምትለውን አታውቅም። ያ ቪዲዮ ነገ ትዳር ስታስብ፣ ሥራ ስታመለክት፣ ልጅ ስትወልድ ይከተላታል። ማርቆስ 5 ላይ የኢያኢሮስን ልጅ ሊያስነሣ የገባው ጌታ መጀመሪያ ያደረገው ሰዎቹን ማስወጣት ነው። የልጅቱን አባትና እናት፣ ሦስት ደቀ መዛሙርትንም ብቻ ይዞ ገባ። ያ ተአምር በዘመናችን ለቪዲዮ ይመኙት የነበረ ነው። እርሱ ግን በሩን ዘጋ፤ ከዚያም የሚበላ ስጧት አለ። እኛም በሥልጠናችን "ስልኩን የማውረድ" ልምምድ አደረግን። አንዱ ወድቆ ሌሎቹ ካሜራቸውን ወደ ታች አድርገው ነጠላ ያለብሱታል። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ እጅ ግን ልማዱን ካላወቀ በጊዜው አይታዘዝም። በነገራችን ላይ አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለችና የሰውን ፊትና ሕመም ያለ ፈቃዱ መለጠፍ የጨዋነት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቆይም። የሰው መዝሙር ከሥር ማጫወትም እንዲሁ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ዘማሪዎቻችንንም ይመለከታል። ዘማሪውን ደውሎ ማስፈቀድ ብዙ ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ይህን ሁሉ ስንል "ለአንድ ርዕስ ይህን ያህል?" የሚለን ሰው ይኖራል። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የምንኖር ሰዎች ግን ያልተጣራ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ እናውቃለን። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ አንድ ሰው ቦምብ ይዟል በሚል የሐሰት ወሬ በአደባባይ ተሰቅሎ ተገደለ፤ ምስሉም ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። ያ ሰው እናት ነበረው። ከዚያ በኋላም ከተሞቻችን ያዩትን መከራ መዘርዘር አያስፈልገንም። አንድ ወጣት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለትንሽ ነገር እውነትን ማጋነን ከለመደ፣ በክፉው ቀን ያልተጣራ ቪዲዮ ወደ እጁ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ማጋነንን ከእኛ ከተማረ እውነትን ማጣራትን ከየት ይማረዋል?

ሌላው ምክንያታችን ቻናል የሚጠፋ ነገር መሆኑ ነው። አባቶቻችን ብሥራተ ወንጌል የሬዲዮ ጣቢያን ያስታውሳሉ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭት ጀምሮ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይሰማ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። በጥር 1974 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ናዝሬትን ጨምሮ የመሠረተ ክርስቶስ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ መሪዎች ታሰሩ። ማሠራጫው ሄደ፤ አዳራሹ ሄደ። የቀረው ምን ነበር? በየቤቱ አምስትና ስድስት ሆነው የሚሰበሰቡ፣ ማስተማርን የሚያውቁ ሰዎች፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጥ የመዝሙር ካሴት። የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ያለ ማስታወቂያ ስንት ቤት ገቡ! ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት የመሠረተ ክርስቶስ ምእመናን ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። እኛም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ ቻናላችን ምን እንደ ሆነ አይተናል፤ ዝም አለ። ካሜራ ይሰረቃል፤ አካውንት በአንድ ሪፖርት ይዘጋል። በሃያ ልጆች እጅ ያለ ሙያ ግን እንዲህ በአንድ ቀን አይወረስም። ለዚህ ነው ለአንድ ካሜራ የተዋጣውን ገንዘብ ለሥልጠና፣ ለምሳና ለትራንስፖርት አውሉት የምንለው።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል። ከሥልጠናው ቪዲዮዎች ግማሹን በአፋን ኦሮሞ ሠራን። የመቂዋ እህት አያቷን በአፋቸው ስታናግር አያትየው ካሜራ መኖሩን ረሱት፤ በአማርኛ ቢጠየቁ ኖሮ "አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ያበቁ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደክመው እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ሕዝብ የተሰጠ ከመሆኑ አንጻር፣ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እኛ በአዳማ ተቀምጠን በአማርኛ ብቻ ብንለጥፍ ስንፍና ነው።

ሽማግሌ አጠገብ ከተቀመጠ የወጣቱ ቅንዓት ይሞታል ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ አንዳንድ ሽማግሌ ሁሉን ለመከልከል ነው የሚመጣው። ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት ሽማግሌውንም ማሠራት ነው። ሁለቱም አባቶቻችን ስልክ ይዘው ቀርጸዋል፣ ቆርጠዋል፣ ርዕስ ጽፈዋል። የአንዳቸው የመጀመሪያ ርዕስ ከልጆቹ ሁሉ የተጋነነ ስለ ነበር በራሳቸው ሥርዓት ወደቀ! ከዚያ ወዲህ ሲመክሩ ከላይ ሆነው አይደለም።

ገና ጌታን እየፈለጋችሁ ይህን የምታነቡ ወዳጆቻችን፣ በእኛ ስም የተለጠፈ አንድ ቪዲዮ አታሏችሁ ከሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን። ያየነውን ቀይ ርዕስ አውርደነዋል። እናታችን ቤታቸው ተቀምጠው እንደ ገና ተናገሩ፤ ቀራጩ ያው የመጀመሪያው ልጅ ነው፣ ራሱ ለምኖ ነው የሄደው። መድኃኒቱም ክትትሉም አለበት። ሲጨርሱ እስከ መጨረሻው አየነው፤ አንድ ቦታ ላይ የልጃቸውን ስም ስለ ጠሩ "እሱን አውጡልኝ" አሉ፤ ወጣ። ከዚያ ስልኩን ይዘው ወደ ጎረቤታቸው ቤት ተሻገሩ። ቡናው ፈልቶ ነበር። ሴትየዋ አይታ ስትጨርስ ስለ እምነት ምንም አላለችም፤ "የቱ ሆስፒታል ነው የሚከታተሉት?" ብላ ጠየቀች። እሷም ለካ ለወራት የደበቀችው ሕመም ነበራት። በሚቀጥለው ሳምንት አብረው ሄደዋል።

ሁለተኛው ዙር ከበዓለ ሃምሳ በኋላ ባሉት አራት ቅዳሜዎች እንዲሆን አስበናል፤ ከባቱና ከአርሲ ነገሌ ለመምጣት የጠየቁን አሉ። ከየአጥቢያው ሁለት ወጣትና አንድ ሽማግሌ ይምጡ፤ ሽማግሌ የሌለው ቡድን አንቀበልም። ስልክ፣ ቻርጀርና አንድ ነጠላ ይዛችሁ ኑ። ምሳ እኛ ዘንድ ነው።